«ካምቢዮውን ማንዋል አድርግልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ ጋራዥ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ይዘው ይመጡና «ማንዋል አድርግልኝ» ይላሉ። ለምን ስላቸው መልሱ አንድ ነው፤ «አውቶማቲክ ለአባይ በረሃ አይሆንም»። ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

«አውቶማቲክ አባይ በረሃን አይወርድም»

ይወርዳል፤ የያዘው ሰው ካወቀበት። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት መኪናውን ሞተሩ እንዲይዘው ነው የሚፈለገው። ማንዋል ሲነዳ ቶሎ ሁለተኛ የሚያስገባ ሰው፣ አውቶማቲክ ሲይዝ ማርሹን ዲ (የተለመደው የወደፊት መንጃ) ላይ ትቶ ይወርዳል። ዲ ላይ ካምቢዮው ከፍተኛ ማርሽ ስለሚይዝ ሞተሩ መኪናውን አይዝም። ፍሬኑ ይረገጣል፣ ይግላል፣ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ከዚያ ካምቢዮው ይረገማል።

አንድ የቢቸና መምህር አሮጌ ኮሮላቸውን ይዘው መጥተው ነበር። የፍሬን ሸራው ተቃጥሏል።
«ጋሼ፣ ከደጀን ሲወርዱ ማርሹ የት ላይ ነው?»
«ዲ ላይ ነዋ!»
ካምቢዮውን ዝቅተኛ ማርሽ ላይ የሚይዙት 2 እና ኤል ለምን እንደተቀመጡ የነገራቸው ሰው የለም። ሸራውን ቀየርኩላቸው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ኦቨርድራይቩን (ከፍተኛውን ማርሽ) አጥፍተው ወደ 2 እንዲያወርዱ፣ መንገዱ ሲጠና ደግሞ ፍጥነት ቀንሰው ኤል እንዲያስገቡ አሳየኋቸው። ፍሬኑንም ጠንከር አድርገው ረግጠው እንዲለቁት፣ እግራቸውን ጭነውበት እንዳይወርዱ ነገርኳቸው። አሁንም በዚያው ካምቢዮ አዲስ አበባ ደርሰው ይመለሳሉ። ለዚህ ሰው ካምቢዮ ብቀይርለት ኖሮ ገንዘቡን በላሁበት ማለት ነው።

«በፎሌ (ማርሽ ሳላስገባ) ብወርድ ነዳጅ እቆጥባለሁ»

ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል። በፎሌ ግን ላለመጥፋት ይጠጣል። አደጋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

«ማንዋል ሲሆን ጉልበት ይጨምራል»

የአሮጌ አውቶማቲክ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) ትንሽ ጉልበትና ነዳጅ እንደሚበላ አልክድም። ዋናው ምክንያት ግን ከፍታው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። እኛ ደግሞ ያለነው ከ2000 ሜትር በላይ ነው።

«ተገፍቶ አይነሳም»

ይሄ እውነት ነው። የካምቢዮውን የዘይት ፓምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ሞተሩ ካልሠራ የዘይት ግፊት ስለሌለ ጎማው ሞተሩን ማዞር አይችልም። ደህና ባትሪ ግዙ።

«ካምቢዮውን ብቻ ገዝቼ ላምጣ፣ በአንድ ቀን ይገጠማል»

በጭነት መኪና ካምቢዮ አስጭኖ ጋራዥ በር ላይ የሚያራግፍ ደንበኛ አለ። ፔዳሉስ? የላይኛውና የታችኛው የፍሪሲዮን ሲሊንደርስ? ቮላኖውስ (ሞተሩ ጫፍ ላይ ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) ከነብሎኑ? በብዙ መኪና የአውቶማቲኩ ብሎን ለቮላኖ ያጥራል። አክስሉ፣ የማርሽ ገመዱ፣ የካምቢዮ ሱፖርቱም ሊለያይ ይችላል። ሽቦውም አለ። አውቶማቲክ መኪና ፒ (ማቆሚያ) ወይም ኤን (ፎሌ) ላይ ካልሆነ አይነሳም፤ የዚያ ስዊች ሽቦ በትክክል ካልተገናኘ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) አይዞርም። የሪቨርስ መብራቱም ከዚያው ነው። አዲስነት ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ የድሮውን ካምቢዮ ሲያጣ የሞተር መብራት ያበራል።

ስለዚህ የግድ ከሆነ፣ ከአንድ ዓይነት ሞዴል ማንዋል መኪና ሙሉውን ዕቃ ከአንድ ቦታ ግዙ። ለየብቻ ሲለቀም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድላል፤ መኪናው ደግሞ ክሪክ ላይ ይከርማል።

ከዚያ በፊት ግን የካምቢዮውን ዘይት እዩ። አሮጌ ቶዮታ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ይለካል። ጎድሎ ከሆነ የሚያፈስበትን አስፈልጉ፣ አስሞሉ። ቀይ ከሆነ ካምቢዮውን አትንኩት። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ያኔ ኑና እንነጋገር።