በአዳማ በትራንስፖርት መስመሮች ዳር ፎቅ ቤት የማብዛት ክርክር

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ የኦሮሚያ ከተማ ናት። ከተማ ያደረጋት መንገድ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ እዚህ ጣቢያ ተተከለ፤ ገበያውና መኖሪያው ጣቢያውን ተከትለው መጡ። ትራንስፖርት ደጃቸው ላይ የሆነላቸው የግቢ ቤት ሰፈሮች እንዳሉ ይቆዩ ወይስ ፈርሰው በፎቅ ይተኩ የሚለው ጥያቄ አሁን ያከራክራል።

ነገሩ የሚወሰነው ሰዉ የት እንደሚሳፈር ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ እስከ አዳማ ያለው ሐዲድም ድርብ ነው። ጣቢያው ግን ከመሀል ከተማ ርቆ ስለተሠራ ተሳፋሪው ወደዚያ ለመሄድ ባጃጅ መያዝ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የፍጥነት መንገድ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውቶቡስና ሚኒባስ አፋጠነ፤ ከዚያ በኋላ ከተማ ውስጥ ሰዉን የሚያደርሰው ባጃጅ ነው፤ ጋሪም ገና አልጠፋም። ስለዚህ አዳማ ውስጥ ለትራንስፖርት የቀረበ ሰፈር ማለት ለመናኸሪያው፣ ለዋናው አስፋልትና ለባጃጅ መስመሩ የቀረበ ነው። በባቡሩ ጣቢያ ዙሪያ ፎቅ መደርደር ለጊዜው ነዋሪውን ከሥራውም ከገበያውም ያርቀዋል።

በመስመሮቹ ዳር ያሉት ቤቶች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ሰው የሳሳባቸው ይመስላሉ። እውነቱ ሌላ ነው። የከተማ ቦታን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ትርፍ ቤቶች ተወርሰው ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ግቢዎቹ ውስጣቸው ሞልቷል። ባለቤቱ ከፊት ይኖራል፤ ከጓሮ ቆርቆሮ የለበሱ ሰርቪስ ቤቶች ተደርድረው ይከራያሉ። ከአንድ የብረት በር ጀርባ አራት አምስት ቤተሰብ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ባጃጅ ነጂው፣ በመናኸሪያው ዕቃ ተሸካሚው፣ ቡና የምታፈላው ሴት በዚህ ዓይነት ክፍል ተከራይተው በእግር ሥራቸው ይደርሳሉ። ፎቅ የሚጨምረው የነዋሪ ቁጥር ሲሰላ እነዚህ ሰዎች መቆጠር አለባቸው፤ ካልተቆጠሩ ስሌቱ የተሳሳተ ነው።

ደጋፊዎች ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ከተማዋ ወደ ጎን በሰፋች ቁጥር የገበሬ መሬት ይበላል፤ መንገድ፣ ውሃና መብራት መዘርጋትም ይወደዳል፤ ዳር የሰፈረው ነዋሪ ገቢው በትራንስፖርት ያልቃል። መሬትን በሊዝ ጨረታ የሚያስተላልፈው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ አስፋልት ዳር ያለውን ቦታ ውድ ስላደረገው አልሚው በፎቅ ካልሆነ ወጪውን አይመልስም።

ተቃውሞው በአብዛኛው ከኑሮ ይነሳል። ሊፍት በሌለው ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ በጄሪካን መሸከም ለአረጋውያን ከባድ ነው። በርበሬ የሚሰጣበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ለለቅሶ ድንኳን የሚጣልበት ቦታም ያሳስባል። የመንግሥት ኮንዶሚኒየሞች ለዚህ የጋራ መገልገያ ቤት ታስቦላቸው ነበር፤ የግል አልሚ ግን ያንን ቦታ ለሱቅ ማከራየት ይቀናዋል። ይህ ንድፍ ሲጸድቅ ሊታረም የሚችል ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመሬቱ ነገር ይመስለኛል። አዳማ በኮረብታ የተከበበ ዝቅተኛ ሥፍራ ላይ ስለሆነች ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከዳገቱ ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። አፈር የነበረው ግቢ ኮንክሪት ሲለብስ ውሃው የሚሰርግበት ያጣል፤ ስለዚህ ቦዩ ከፎቁ መቅደም አለበት። የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ከተማዋ የምትጠጣው ከአዋሽ ተጣርቶ የሚገፋላትን ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ወለል በዚያው መስመር ላይ ይጫናል። ፍሳሹም ባብዛኛው የሚጠራቀመው በየግቢው ጉድጓድ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፎቅ የሚያቆም ሁሉ ብረቱንና ሲሚንቶውን አጉድሎ መቆጠብ አይችልም።

ቤቱ ሲፈርስ ማን ምን ያገኛል የሚለው በሕግ እኩል አልተመለሰም። የማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለባለይዞታው በመሬቱ ላይ ላሠፈረው ንብረት ካሳ ያሰላል፤ የሰርቪስ ቤት ተከራይ ግን በአብዛኛው እጁ ላይ ያለው የቃል ውል ብቻ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የአካባቢ ልማት ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ለዚያ ስብሰባ ካርታ ያለው ብቻ ከተጠራ፣ ለመናኸሪያው ቅርብ በመሆን ኑሮውን የሚገፋው ተከራይ ሳይሰማ ወደ ከተማዋ ዳር ይገፋል፤ በየቀኑ የባጃጅ ከፋይም ይሆናል።