በእረፍት ክፍል የሚሰጡ የናርሲንግ ምክሮች፣ እና እውነታው

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነርስ ከመሆኔ በፊት አምስት ዓመት አንድ ናርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚያ እረፍት ክፍል ውስጥ የማይሰጥ ምክር የለም። ሽሮው ማይክሮዌቭ ውስጥ እየዞረ አንዷ «ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ ጊዜሽን እንዳታጠፊ» ትላለች። ሌላዋ «ምን አደከመሽ፣ ሙሉው ኦንላይን አለ» ትላለች። ሁሉም የሚመክሩት ከልባቸው ነው። ግማሹ ምክር ግን ስህተት ነበር፤ እኔን ሁለት ዓመት ገደማ አስከፍሎኛል።

ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ነገር ይመጣል። ዲግሪ፣ ላይሰንስ እና ሥራ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዲግሪውን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ላይሰንሱን የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ፣ ሥራውን ደግሞ ቀጣሪው። ሦስቱም የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። እኛ ግን በአንድ ጀበና እናፈላቸዋለን።

«አርኤን፣ ማለትም ሬጂስተርድ ነርስ፣ ለመሆን የግድ የአራት ዓመት ዲግሪ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ አሶሺየት ዲግሪ የያዘም፣ ባችለሩን ማለትም ቢኤስኤን የያዘም የሚቀመጡት ለአንድ ፈተና ነው፤ ለኤንክሌክስ አርኤን። የሚያገኙትም ላይሰንስ አንድ ነው።

ልዩነቱ ሥራ ሲፈለግ ይታያል። ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢኤስኤን ያለውን ያስቀድማሉ። ኒው ዮርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሕግ አዲስ አርኤን በ10 ዓመት ውስጥ ባችለሩን እንዲይዝ ያስገድዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው በአሶሺየት አርኤን ይሆንና እየሠራ የቀረውን ይጨርሳል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከክፍያው የተወሰነውን ቀጣሪዬ ስለሸፈነልኝ አልጎዳኝም።

«ኮሌጅ ከተመዘገብኩ ናርሲንግ ገባሁ ማለት ነው»

ብዙ ልብ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ኮሌጆች መጀመሪያ ላይ «ፕሪ ናርሲንግ» እንጂ የናርሲንግ ተማሪ አይደላችሁም። መጀመሪያ የሚወሰዱ ኮርሶች አሉ፦ አናቶሚ እና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ ከነላቦራቶሪው፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ሌላ ሒሳብ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትንሽ ይለያያል። እነዚህን ጨርሳችሁ ነው ለናርሲንጉ የምታመለክቱት። በዚያ ላይ ቲስ ወይም ሄሲ የሚባል የመግቢያ ፈተና ይኖራል። ቲስ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ እና እንግሊዝኛ ነው የሚጠይቀው። «ሁለት ዓመት ነው» ሲባል የሰማችሁት ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«ሲ ካመጣሁ በቂ ነው» የሚለውም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሲ ለማመልከት ያበቃችሁ ይሆናል፤ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ወንበሩ ጥቂት ነው፣ አመልካቹ ብዙ። ሦስት ኮርስ በአንዴ ወስዶ ሲ ከመልቀም አንዱን ወስዶ ኤ ማምጣት ይሻላል ባይ ነኝ፤ በተለይ ሌሊት ለሚሠራ ሰው።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ፣ የሳይንስ ኮርስ ጊዜው የሚያልፍበት መሆኑን ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በፊት የተወሰደ አናቶሚ እና ማይክሮባዮሎጂ አይቀበሉም። እኔ ማይክሮባዮሎጂን በቢ አልፌ ነበር። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ኪራይ ጨመረ፣ ትምህርቱ ቆመ። ስመለስ አማካሪዋ ትራንስክሪፕቴን ገለጥ አድርጋ «ይሄኛው አይሠራም» አለችኝ። እንደገና ከፍዬ፣ እንደገና እዚያችው ሳህን ላይ ባክቴሪያ ማብቀል ጀመርኩ።

«ሲኤንኤ ሆኜ የሠራሁት ከክሊኒካል ሰዓት ይቆጠርልኛል»

አይቆጠርም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሲኤንኤ መሆንን ለመግቢያ ይጠይቃሉ፣ ወይም ነጥብ ይሰጡበታል። ክሊኒካል፣ ማለትም ሕመምተኛ ጋ የሚደረገው የትምህርቱ ልምምድ፣ ግን በአስተማሪ ሥር፣ በነርስነት ደረጃ የሚለካ ነው። አልጋ ማንጠፍ ስለምትችሉ ማንም አያሳልፋችሁም።

«ናርሲንግ ሒሳብ የለበትም»

ካልኩለስ የለበትም። የመድኃኒት መጠን ስሌት ግን አለ፣ እሱም ቀልድ አያውቅም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማለፊያውን 90 ያደርጉታል፤ 100 የሚጠይቁም አሉ። አንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። ሕፃኑ 44 ፓውንድ ይመዝናል። የታዘዘለት አሲታሚኖፌን በኪሎ 15 ሚሊግራም ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 160 ሚሊግራም አለው። ስንት ሚሊሊትር ይሰጠዋል?

44ን ለ2.2 ስታካፍሉ 20 ኪሎ። 20 በ15 ሲባዛ 300 ሚሊግራም። 300ን ለ160 አካፍላችሁ በ5 ስታባዙ 9.375፤ ተጠጋግቶ 9.4 ሚሊሊትር። ከባድ አይደለም። ግን ፓውንዱን ወደ ኪሎ መቀየር የረሳ ሰው 660 ሚሊግራም ያወጣል፣ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እኛ በኪሎ ያደግን ሰዎች ቁጥሩን እንዳየን ኪሎ ይመስለናል። እኔ የመጀመሪያውን ፈተና የወደቅኩት በዚህ ነው።

«ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ይገኛል»

አርኤን የሆነ ሰው ወደ ባችለር የሚያልፍበት ፕሮግራም ትምህርቱ ኦንላይን ሊሆን ይችላል። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ግን ክሊኒካል በአካል ነው። ጠዋት 6:30 ዋርድ ላይ መገኘት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፣ የኩፍኝ፣ የጉድፍ፣ የቲቢ ምርመራ፣ የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ፣ ሲፒአር። «ጉድፍ ልጅ ሆኜ ይዞኝ ነበር» ብትሉ ወረቀት ይጠየቃል። አትደንግጡ፤ በደም ምርመራ መከላከያው እንዳለ ይታያል።

«በስድስት ወር እንጨርስልሃለን» የሚል ካጋጠማችሁ ሩጡ። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል ዓቃቤያነ ሕግ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጡን ይፋ አድርገዋል። ከገዢዎቹ ኤንክሌክስን ያለፉም ነበሩ፤ ግን ቦርዶች ላይሰንስ መሰረዝ ጀመሩ። አንድ ትምህርት ቤት የምር መሆኑን ለማወቅ የስቴቱን የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ክፈቱ። ያጸደቃቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር አለ። ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን የሚባለው ዕውቅና እንዳለውም እዩ። ያለ እሱ የወሰዳችሁትን ክሬዲት ሌላ ትምህርት ቤት ላይቀበለው ይችላል።

«ፋፍሳ ለዜጋ ብቻ ነው»

ፋፍሳ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለውም ይሞላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ፣ ፔል ግራንት፣ ባችለር ለያዘ ሰው አይሰጥም፣ አገር ቤት የተያዘ አካውንቲንግም ቢሆን ባችለር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ በር አለው፤ ባችለር ላላቸው የተዘጋጀ የተፋጠነ ቢኤስኤን፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል የሚፈጅ። ግን በሙሉ ጊዜ ሥራ ላይ ደርቦ መማሩ ይከብዳል።

«85 ላይ ከቆመ ወድቀሻል»

ኤንክሌክስ በትንሹ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ አለው። ኮምፒውተሩ ስለ ማለፋችሁ ወይም ስለ መውደቃችሁ 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል። ያለፈም የወደቀም 85 ላይ ሊቆምበት ይችላል። አልቅሳችሁ አትውጡ።

«አገር ቤት ነርስ የነበረ ከዜሮ ይጀምራል»

አናቶሚ አንድን ስወስድ አጠገቤ የሚቀመጥ ወንድም ነበር። አገር ቤት በዲግሪ ተመርቆ ሰባት ዓመት ነርስ ሆኖ ሠርቷል። «እዚህ አይታወቅም» ብለውት አብሮን ስለ አጥንት ስም ይፈተናል። መምህሩ ሳይጨርስ እሱ ይመልሳል። አንድ ቀን አብረን ቦርዱ ጋ ደወልን። የተባለው ቀላል ነው፦ ትምህርቱን አስገምግም፣ እንግሊዝኛህን አሳይ፣ ኤንክሌክስ ተፈተን። ግምገማው የውስጥ ደዌ፣ የእናቶች፣ የሕፃናት እና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሰዓቶችን ያያል፤ የጎደለ ካለ ያንን ብቻ ማሟላት ይመጣል። ማስረጃው ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መላክ ስላለበት እህቱ ስንት ጊዜ ሬጅስትራር ተመላልሳለች።

እኔ አናቶሚ ሁለት ላይ እያለሁ እሱ ለኤንክሌክስ ተመዘገበ። የአጥንት ፍላሽ ካርዶቹን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።