«ነርስ ደግሞ ምን ይመራመራል?»፦ ስለ ነርሲንግ ጥናት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሥራዬ የነርሲንግ ጥናት ነው ስል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። ፈገግታው ክፋት የለበትም፤ «ምኑ ይጠናል?» ለማለት ነው። መርፌ መውጋት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ሙቀት መለካት እጅ ከለመደው በቃ አይደለም ወይ? ከታች ያሉትን አባባሎች ከታካሚ ቤተሰብ፣ ከተማሪዎች፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ከባልደረቦቼ አፍ ሰምቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ነርስ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ አይመራመርም»

ይህን የሚሉ ሰዎች ራሳቸው እንግሊዛዊቷን ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ያደንቃሉ፤ ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል የምትዞረዋን ሴት። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መዝገቧ ነው። በ1854 መጨረሻ፣ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ ስኩታሪ (በዛሬዋ ኢስታንቡል) ወደነበረው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ደረሰች። በዚያ የመጀመሪያ ክረምት የሟቹ ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። የወረደው በማርች 1855 የንጽህና ኮሚሽን መጥቶ የተደፈነውን ፍሳሽ ካስጠረገና አየር ማስገቢያውን ካስተካከለ በኋላ ነው። ከጦርነቱ መልስ ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ዊልያም ፋር ጋር ሆና ቁጥሮቹን ስታገላብጥ፣ ከሞቱት ወታደሮች አብዛኞቹን የገደላቸው ቁስል ሳይሆን በሽታ እንደነበር ተረዳች። ይህንንም በ1858 በቀለም በተከፋፈለ ክብ ሥዕል አሳየች። እሷ ራሷ የሠራችበትን ሆስፒታል ጉድ የሚያጋልጥ ማስረጃ ነበር። የእኛ ሙያ ምርምር የተጀመረው እዚያ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

«ጎበዝ ነርስ አሥር ታካሚም ቢሰጡት አይከብደውም»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ ምስጋና ስለሚመስል።

የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በ2002 ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በ168 ሆስፒታሎች፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ230,000 በላይ ሰዎች መዝገብ መረመረ። ለአንድ ነርስ በሚደርሰው ታካሚ ላይ አንድ በተጨመረ ቁጥር፣ ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2014 በ9 የአውሮፓ አገሮች የተሠራ ተመሳሳይ ጥናትም እዚያው 7 በመቶ ላይ ደረሰ። «እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ቢያሳይም፣ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ብቻውን አያረጋግጥም» የሚል አንባቢ ካለ ልክ ነው። ስለዚህ የአውስትራሊያዋን ኩዊንስላንድ እንመልከት። በ2016 ለአንድ ነርስ የሚሰጠው ታካሚ ቁጥር በሕግ ተወሰነ፤ ሕጉ ግን ሁሉንም ሆስፒታል አልነካም። የነካቸውና ያልነካቸው ሆስፒታሎች ከሕጉ በፊትና በኋላ ተነጻጸሩ። ሕጉ የነካቸው ላይ ሞት ቀነሰ፤ ታካሚ ተኝቶ የሚቆይበት ቀንም አጠረ። ከዚህ የተረፈው ገንዘብ ተጨማሪ ነርስ ለመቅጠር ከወጣው እንደሚበልጥ በ2021 የወጣው ጥናት አስልቷል።

ቁጥሩ አልጋው አጠገብ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ማታ በደቂቃ 18 ጊዜ ይተነፍስ የነበረ ሰው አሁን 26 ደርሷል። የደም ግፊቱ ገና አልወረደም። ስሙን ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ግን ትንሽ ዘግየት ይላል። ኢንፌክሽን ወደ ደሙ እየገባ ሊሆን ይችላል። አራት ታካሚ የያዘ ነርስ ቆሞ፣ ደረቱን እያየ፣ ደቂቃውን ሙሉ ይቆጥራል። አሥር የያዘው ግን የጎረቤት አልጋ ግሉኮስ አልቆበት፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የሚያስታውክ ሰው እየጠራው፣ «20» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ቻርት ስታገላብጡ የክፍሉ ሰው ሁሉ እኩል ሃያ ሃያ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ነርሱን ከመውቀሳችሁ በፊት የዚያን ሌሊት የተረኞች ዝርዝር ተመልከቱ።

«ሲሠራበት የኖረ ነገር ትክክል ነው»

በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ ጨጓራ ውስጥ መግባቱን ለማረጋገጥ፣ በሲሪንጅ አየር ገፍቶ በስቴቶስኮፕ ሆድ ላይ ማዳመጥ ስንት ትውልድ የተማረው ዘዴ ነው። እኔም ተምሬዋለሁ። ነርሷ ኖርማ ሜተኒ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባደረገቻቸው ጥናቶች ድምፁ እንደሚያሳስት አሳየች፤ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ገብቶም ሆድ ላይ የሚሰማው «ፉሽ» ያው ነው። አስተማማኙ ራጅ ነው፤ ከቱቦው የተቀዳውን ፈሳሽ አሲድነት መለካትም ይረዳል። ሳንባ ውስጥ ምግብ ማፍሰስ ማለት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራ እርማት አይደለም።

«የአልጋ ቁስል አይቀርም፤ ቆዳው ሲቀላ በአልኮል ማሸት ነው»

ሁለት ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር። እንግሊዛዊቷ ነርስ ዶሪን ኖርተን ከባልደረቦቿ ጋር በ1962 ባሳተመችው ጥናት የአረጋውያንን ቁስል የሚከላከለው የሚቀባው ነገር ሳይሆን፣ ግፊቱን ከቆዳው ላይ ማንሳት ማለትም ሰውየውን እያገላበጡ ማስተኛት መሆኑን አሳየች። ማን ለቁስል እንደተጋለጠ የሚለይ የነጥብ አሰጣጥም አበጀች። አምስት ነገር ያያል፤ የሰውነት ሁኔታ፣ የአእምሮ ንቃት፣ ከአልጋ መውረድ መቻል፣ አልጋ ላይ መንቀሳቀስ መቻልና ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር።

ቤት ውስጥ ሰው የምታስታምሙ ከሆነ፣ ጭራ አጥንቱ ወይም ተረከዙ ላይ የቀላውን ቦታ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደሙ ይዘዋወራል። ካልነጣ ጉዳቱ ጀምሯል፤ ያንን ቦታ ማሸት ደግሞ የተጎዳውን ሥጋ መጨፍለቅ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ዓይን ብቻውን አይበቃም። በእጅ ጀርባ ዳስሱት፤ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይሞቃል? ይቀዘቅዛል? ጠጠር ይላል? ሲነካ ያመዋል? ሰውየውን ወደ ላይ ስትስቡት አንሶላው ላይ አትጎትቱት፤ ቆዳው ወደ ኋላ ሲቀር አጥንቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ መሀሉ ይቀደዳል። ለተረከዙ ከባት ሥር ትራስ ማድረግ ይበቃል፤ ተረከዙ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ክብ ቀዳዳ ያለው መቀመጫ ግን ይቅር፤ ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ደም ያግታል።

«አነሳሱን የሚያውቅ ወገቡን አይታመምም»

«ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርግ» ሁላችንም የተባልነው ነው። ሥልጠናውን ብቻውን የፈተሹ ጥናቶች ሲገመገሙ የወገብ ሕመምን ስለመከላከሉ አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘም። ሰው ሣጥን አይደለም፤ እጀታ የለውም፣ መሀል ላይ ይንሸራተታል፣ ሲፈራ አንገትህን ይዞ ይንጠለጠላል። በ2007 የወጣ የአሜሪካ ስሌት፣ ሁኔታው ሁሉ ተስማምቶ እንኳ አንድ ሰው ታካሚን በእጁ ሲያነሳ የሚሸከመው ከ16 ኪሎ መብለጥ የለበትም ይላል። የአንድ አዋቂ ሁለት እግር ብቻ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። የሚያዋጣው ማንሻ መሣሪያና የሚያንሸራትት ጨርቅ ነው።

«ነርስ የሚዝለው ሙያውን ስለማይወድ ነው»

አጭር መልስ፦ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በበሽታዎች ምደባው ላይ በርንአውትን፣ ማለትም ይህን መዛል፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል፤ ምንጩም በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት ነው። ያ የፔንሲልቬንያ ጥናትም አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ነርሱ የመዛል ዕድሉ 23 በመቶ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ጥሪ አለኝ ብሎ የመጣ ሰውም ይዝላል፤ እንደ እኔ ግምት ቶሎ የሚዝለው እንዲያውም እሱ ነው።

«አስታማሚ ጤነኛ ነው፤ ስለ እሱ ምን አሳሰበን?»

በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የትዳር ጓደኞቻቸውን የሚያስታምሙ አረጋውያንን ለአራት ዓመት ተከታተለ። ማስታመሙ እንደከበዳቸው የተናገሩት፣ ከማያስታምሙት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው 63 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። ያልከበዳቸው ላይ ግን ይህ አልታየም። ኋላ በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አስታማሚዎች በጥቅሉ ሲታዩ ከሌላው ሰው ያነሰ እንደሚሞቱ አገኘ። የሚጋጭ ይመስላል እንጂ አይጋጭም፤ የሚጎዳው ፍቅሩ ወይም ማስታመሙ ሳይሆን ከአቅም በላይ የሆነው ሸክም ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት ሸክሙ ነው። በ1980 ስቲቨን ዛሪትና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት መጠይቅ ዛሬ 22 ጥያቄ ይዞ ይሠራበታል፤ አንዱ ለራስዎ የሚሆን ጊዜ ያጣሉ ወይ ይላል።

እኔ ክፍል ስዞር መጠይቁን ሳላወጣ ከአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። ባለቤታቸው አልጋ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንትን «እርስዎስ አባባ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» አልኳቸው። ማንን እንደማናግር ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ።