በልብ ወለድ ውስጥ የተፈጠሩ ቋንቋዎች፦ ከሐዋሳ የተጠናቀረ አጠቃላይ ዳሰሳ

የፈጠራ ቋንቋ የምንለው አንድ ደራሲ ለታሪኩ ሰዎች ብሎ የሠራውን ቋንቋ ነው። በምናባዊና በሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ ይበዛል። አንዳንዱ ከአሥርና ከሃያ ቃል አያልፍም፤ ለማጣፈጫ ጣል የተደረገ ነው። አንዳንዱ ግን የራሱ ድምፅ፣ የራሱ ሰዋስውና ፊደል፣ አልፎም የራሱ ታሪክ አለው።

ይህን ያዘጋጀነው ስለ ጉዳዩ በአማርኛ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚነበብ ነገር እንዲኖር ብለን ነው። «እኛ» ስል ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን የምናነብ ጥቂት ሰዎች ማለቴ ነው። መጻሕፍቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረው ጠርዛቸው ሁሉ ተበልቷል። ከሁሉ በላይ የተነበበው «የቀለበቶቹ ጌታ»ን የጻፈው ቶልኪን ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቶልኪን በፊት

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊቷ መነኩሲት ሂልደጋርድ ከ1,000 በላይ ቃላትና 23 ፊደላት ያሉት ቋንቋ ፈጥራ ነበር። እሱ ግን ለልብ ወለድ የተሠራ አልነበረም። ቶማስ ሞር በ1516 ያሳተመው «ዩቶፒያ» የምናባዊቱን ደሴት ፊደልና አራት ስንኝ ግጥም ይዞ ወጣ። ጆናታን ስዊፍት በ1726 የጉሊቨርን ጉዞ ሲጽፍ ለየአገሩ የየራሱን ቃላት ሰጠ። በ1887 ደግሞ የዓይን ሐኪሙ ዛመንሆፍ ኤስፔራንቶን አወጣ። ኤስፔራንቶ ለእውነተኛው ዓለም የታሰበ ነው። ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ሙሉ ቋንቋ መሥራት እንደሚችል ለብዙዎች አሳይቷል።

ቶልኪን

ጄ. አር. አር. ቶልኪን የተወለደው በ1892 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ብሉምፎንቴን ከተማ ነው። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ አባቱንም እናቱንም በለጋ ዕድሜው አጣ። ኋላ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። ሙያው የጥንት ቋንቋዎች ጥናት ነበር።

ቋንቋ መፍጠር የጀመረው ልጅ ሳለ ነው። የአክስቱ ልጆች በአብዛኛው በእንስሳት ስም የሚነገር ቋንቋ ነበራቸውና እሱም ለመደው። በዚያ ቋንቋ «አርባ» ማለት «አህያ» ማለት ነበር። ሰውን አህያ ለማለት ውሻ፣ የወፍ ስምና አርባ የሚለውን ቁጥር ይደረድሩ ነበር። ይህን ራሱ ቶልኪን በ1931 ስለዚህ ፍቅሩ ባደረገው ንግግር ተናግሮታል። እኛም ልጅ ሆነን በየፊደሉ መሀል አንድ ድምፅ እየሰካን «የወፍ ቋንቋ» ስንነጋገር ትልልቅ ሰዎች ግራ ይገባቸው ነበር። መነሻው ያው ነው።

ተማሪ ሳለ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አንድ የፊንላንድኛ ሰዋስው አገኘ። ድምፁ ልቡን ወሰደው። ኩዌንያ የተባለው የኤልፎች (በታሪኮቹ ውስጥ ያሉ የማይሞቱ ምናባዊ ሕዝቦች) ቋንቋ ያንን ጣዕም ይዞ ወጣ። ሁለተኛው የኤልፎች ቋንቋ ሲንዳሪን ደግሞ የዌልስኛ ቃና አለው። ቶልኪን ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አልሠራቸውም። መጀመሪያ አንድ ጥንታዊ ቋንቋ አሰበ፤ ከዚያ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ድምፁ እንዴት እየተለወጠ ሁለት ልጆች እንደወለደ ደረጃ በደረጃ አወጣ። ዛፍ በኩዌንያ «አልዳ» ነው፤ በሲንዳሪን «ጋላዝ» ለሚለው የቀረበ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ ምላስ በጥርስ መሀል ተደርጎ ይወጣል። አንዱ ፊቱ ላይ ያለውን «ገ» ጣለ፤ ሌላው ጠበቀው። በግዕዝ «ዕፅ» የነበረው በአማርኛ «እንጨት» ሲሆን ያየ ሰው ሥራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደጠየቀ ይገባዋል።

«ሆቢት» በ1937 ወጣ። «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል ታተመ። ቶልኪን ራሱ ቋንቋው መሠረት እንደሆነ፣ ታሪኩ የተሠራው ለቋንቋዎቹ ዓለም ለመስጠት እንደሆነ ጽፏል። ታሪኩና ቋንቋው ጎን ለጎን ነው ያደጉት የሚሉም አሉ። እኛ ደራሲውን እናምናለን።

ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በታሪኩ ውስጥ ያሉት አጫጭር ምናባዊ ሕዝቦች፣ የድንኮቹ ቋንቋ ኹዝዱል ነው። ቶልኪን ይህን ቋንቋ ሆን ብሎ የሠራው በሴማዊ ቋንቋዎች መልክ ነው። ቃሉ ከተነባቢ ሥር ይነሳል፤ ትርጉሙ የሚለዋወጠው በመሀል በሚገቡት አናባቢዎች ነው። አንድ ድንክ «ኹዝድ» ነው፤ ብዙ ሲሆኑ «ኸዛድ»። ይህ ለእንግሊዝ አንባቢ እንግዳ ነገር ነው። ለእኛ ግን ሀገር ብለን አህጉር፣ ደብር ብለን አድባር ስንል የኖርነው ነው። ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት እያለ ያደገ ሰው ኹዝዱልን ሲያይ የዘመድ ቤት የገባ ያህል ይሰማዋል።

የድንኮቹ የጦር ጩኸት «ባሩክ ኸዛድ! ኸዛድ አይ ሜኑ!» ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከመሀላችን አንዷ «ቡራኬ ነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ «ባሩክ» እና «ብሩክ» ተነባቢዎቻቸው አንድ ናቸው። ትርጉሙ ግን «የድንኮች መጥረቢያዎች! ድንኮች መጡባችሁ!» ነው። ፉከራ ነው እንጂ ቡራኬ አይደለም።

ስለ ፊደሉም መባል ያለበት አለ። ቴንግዋር የሚባለው የኤልፎች ፊደል 36 ያህል ምልክቶች አሉት። ድምፃቸው የሚቀራረብ ፊደላት መልካቸውም ይቀራረባል። ኩዌንያ ሲጻፍ አናባቢው ከፊቱ ባለው ተነባቢ አናት ላይ ይቀመጣል። «አ» ሦስት ነጥብ ናት። ስለዚህ «ሐዋሳ» ብለን ስንጽፍ ሦስት ፊደላት ብቻ ይበቁናል፤ በእያንዳንዳቸው አናት ላይ ሦስት ሦስት ነጥብ። በእኛ ፊደል «ዋ» እና «ሳ» ራብዕ ናቸው፤ «ሐ» በግዕዝ ተጽፋ እንደ ራብዕ ትነበባለች፣ ነገሩ አንድ ነው። እዚህ ላይ ቴንግዋር ከእኛ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው ብል ውሸት አይሆንም። ተነባቢው ሲጠብቅ ከሥሩ አንድ መስመር ይሰመርበታል። እኛ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው ይሁን አንባቢው ከአውዱ ይረዳው ብለን እንተወዋለን።

«የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ያለው የሞሪያ (የድንኮቹ ጥንታዊ የምድር ውስጥ ከተማ) በር ጉዳይ ቡድናችንን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አከራክሯል። መንገደኞቹ የተዘጋ የድንጋይ በር ላይ ይደርሳሉ። በላዩ በሲንዳሪን የተጻፈው «ፔዶ ሜሎን አ ሚኖ» የሚል ነው። ጠንቋዩ «ወዳጅ ሆይ፣ ተናገርና ግባ» ብሎ ይረዳዋል። የሚያውቀውን ድግምት ሁሉ ቢደረድር በሩ አልከፈት አለ። ኋላ ላይ ነው ነገሩ የሚገባው። «ወዳጅ» የሚለውን ቃል ተናገር ማለት ነበር። «ሜሎን» አለ፤ በሩ ተከፈተ። በአማርኛ «ወዳጅ በልና ግባ» ብለን ከተረጎምነው ምሥጢሩ ገና ከመነሻው ይፈሳል። «ወዳጅ ሆይ» ካልንም ሌላው ፍቺ ይሞታል። በመጨረሻ የተስማማነው «ወዳጅ ተናገርና ግባ» በሚለው ነው፤ ያለ ነጠላ ሰረዝ፣ ያለ «ሆይ»። ሰሙ ጥሪ ነው፤ ወርቁ ራሱ ቃሉ ነው። ቅኔ የሰማ ጆሮ በሩን ከጠንቋዩ ቀድሞ ይከፍተዋል ብዬ አምናለሁ።

ከቶልኪን ወዲህ

ጆርጅ ኦርዌል በ1949 በታተመው «1984» ውስጥ የተገላቢጦሹን አሳየ። የእሱ ቋንቋ በየዓመቱ ቃላቱ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ዓላማው ሰው የሚያስብበትን ቃል ማሳጣት ነው። «መጥፎ» የሚል ቃል ይጠፋና «ኢ-ጥሩ» ይባላል። ቋንቋ አሳብን ይወስናል ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ቋንቋ አሳብን በመጠኑ ይመራል እንጂ አያስርም የሚለው አመለካከት ዛሬ የበለጠ ተቀባይነት ያለው ይመስላል።

ይኸው ክርክር ብዙ የሳይንስ ልብ ወለድ ወልዷል። የጃክ ቫንስ «የፓኦ ቋንቋዎች» በ1958፣ የሳሙኤል ዲላኒ «ባቤል-17» በ1966፣ የቴድ ቺያንግ «የሕይወትሽ ታሪክ» በ1998 ወጥተዋል። አንተኒ በርጀስ በ1962 ለወጣት ወሮበሎቹ ከራሺያኛ የተቀዳ ቋንቋ ሰጣቸው፤ ወዳጅ «ድሩግ» ነው። ይህ ቋንቋ ነው ወይስ የአራዳ ቋንቋ የሚባለው ዓይነት ብቻ? የቃላት ክምችት እንጂ ሰዋስው ስለሌለው ሁለተኛው ይመስለኛል።

ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ባወጣው «ዱን» የበረሃ ሰዎቹን ቃላት በብዛት ከዓረብኛ ወሰደ። ለዚህም ነው እዚህ አገር ሲነበብ የሚታወቅ ነገር ያለበት የሚመስለው። ጀግናው «ሙአድዲብ» ይባላል፤ ቃሉ በዓረብኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ «አደብ ግዛ» ስንል የምንጠራው አደብ ከዚያው ሥር ነው። «ሊሳን አል ጋይብ» ሲባል ደግሞ «ልሳን» ማንም አይጠፋውም።

የቋንቋ ሊቋ ሱዜት ሄደን ኤልጊን ላዳን የተባለውን ቋንቋ በ1982 መሥራት ጀመረች፤ በ1984 ልብ ወለዷ ወጣ። ላዳን የሴቶችን ስሜትና አስተያየት በቀላሉ እንዲገልጽ የታሰበ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ተናጋሪዋ ነገሩን እንዴት እንዳወቀችው የምትናገር ቃል ትጨመራለች፦ አይታ ነው? ሰምታ ነው? አምና ነው? በአማርኛም «ዝናቡ ቡናውን መታው አሉ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «አሉ» ይህንኑ ሥራ ትሠራለች።

ኡርሱላ ለጉዊን በ1968 በጻፈችው የምድረ ባሕር ታሪክ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ይገዛዋል። ሰዎቹ እውነተኛ ስማቸውን ለሚያምኑት ብቻ ይነግራሉ። የክርስትና ስሙን እንዳይደገምበት የሚደብቅ ሰው ባለበት አገር ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1985 ደግሞ ኬሽ ለሚባል ሕዝብ ቋንቋ ሠርታ መጽሐፉን ከዘፈን ካሴት ጋር አወጣችው።

በፊልም በኩል ማርክ ኦክራንድ ክሊንጎንን በ1984 ለወጣው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም አሰናዳ፤ መዝገበ ቃላቱ በ1985 ታተመ። በክሊንጎን «ልጁ ዓሣውን በላ» ለማለት «ዓሣውን በላ ልጁ» ይባላል። የዶትራኪን ቋንቋ ለቴሌቪዥን ያዘጋጀው ዴቪድ ፒተርሰን ነው። ለ2009ኙ «አቫታር» ፖል ፍሮመር የሠራው ናቪ ከጉሮሮ ተገፍተው የሚወጡ ሦስት ድምፆች አሉት። ፈረንጆች ለመለማመድ ይቸገሩባቸዋል። እነሱም «ቅ»፣ «ጥ» እና «ጵ» ናቸው። እኛ ጋ አንድም ሰው አልተደናቀፈባቸውም።

በአገራችን

ከልብ ወለድ ውጭ በኢትዮጵያ የፈጠራ ንግግር የቆየ ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1964 ባሳተመው ጥናት የነጋዴዎችን፣ የአዝማሪዎችንና ዛር አለባቸው የሚባሉ ሰዎችን የምሥጢር ቋንቋዎች መዝግቧል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሼኽ በክሪ ሳጳሎ በ1956 ለኦሮምኛ አዲስ ፊደል ፈጥረዋል።

ለሐዋሳ ሰው ቅርብ የሆነው ታሪክ ግን ያሳዝናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሳለች፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋህዶ ለትምህርት ቤት የሚሆን አንድ ቋንቋ ለማውጣት ተሞከረ። ከአራቱ ስሞች መነሻ ተወስዶ «ወጋጎዳ» ተባለ። በ1999 ሶዶ ላይ ከባድ ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ቀሩ። አዲስ ቋንቋ ነበር ወይስ የጋራ የጽሕፈት ስልት ብቻ በሚለው ላይ ሰዎች አይስማሙም። አራቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች መሆናቸው ግን አያከራክርም።

የሐይቁ ቋንቋ

እኛም ለአንድ ረጅም ታሪክ የሚሆን ቋንቋ እየሠራን ነው። ከሐይቁ ሥር ስለሚኖሩ ሰዎች ነው ታሪኩ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ባጃጅ ላይ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ኦሮምኛ ሲነገር መስማት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ አላጣንም። ቃላቱ በአንድ ባለ 100 ገጽ ደብተር ላይ ተጽፈዋል። ሰሜንና ደቡብ የሚል ቃል የላቸውም። «ወደ ታች» እና «ወደ ፀሐይ» ብቻ ነው የሚሉት። ቆሮሶና አምባዛ በአንድ ቃል አይጠሩም፤ አንዱ ጎረቤት ነው፣ ሌላው ሌባ።

ብዙ የደከምንበት «ገባ» የሚለው ግስ ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ለገብቶ ተመላሽ አንድ ግስ፣ ገብቶ ለሚቀር ሌላ ግስ ሰጠናቸው። አሁን የቀረው የዝናብ ነው። ዝናብ ወደ ሐይቁ ገብቶ ቀርቷል እንበል ወይስ ፀሐይ ስታነሳው ተመልሷል? ግማሾቻችን አንዱን፣ ግማሾቻችን ሌላውን ጽፈናል፤ ደብተሩ ላይ ሁለቱም በእርሳስ ነው ያሉት።