«300 በመቶ ብቃት» አለው የሚባለው ሂት ፓምፕ ምንድን ነው?

በአውሮፓ የቤት ማሞቂያ ሂት ፓምፕ ገበያ ማደጉን የጠቀሰ አንድ ተንታኝ «መሣሪያው 300 በመቶ ብቃት ስላለው የማሞቂያን ወጪ ለሦስት ይከፍለዋል፤ ብርዳሙ ሰሜን ሸዋም ቶሎ ሊያስገባው ይገባል» ሲል ሰማሁ። የተቃወመው ሰው ደግሞ «ከመቶ በላይ ብቃት ብሎ ነገር የለም፣ ማጭበርበር ነው» አለ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍሪጅና የማቀዝቀዣ ክፍል ስጠግን ለኖርኩት ለእኔ ሁለቱም የሳቱት አንዱን ነገር ነው፤ ሁለቱም መሣሪያው ሙቀት የሚያመርት መስሏቸዋል።

ሂት ፓምፕ ሙቀት አያመርትም፤ ሙቀት ይጭናል። በኅዳር ማለዳ፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ባደረበት ሰዓት፣ ቁርስ ወደምበላበት ሻይ ቤት ስገባ ድመቷን የማገኛት ከለስላሳ መጠጥ ፍሪጁ ጀርባ፣ ከጥቁሩ የሽቦ ፍርግርግ ሥር ተጠቅልላ ነው። የሚያሞቃት ከጠርሙሶቹ የወጣው ሙቀት ሲሆን፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ጋዙን እየጨመቀ የሚያግለው ሞተር፣ የበላው ኤሌክትሪክም ተጨምሮበታል። የፍሪጁን ቀዝቃዛ ጎን ወደ ደጅ አውጥታችሁ ፍርግርጉን ሳሎን ብታስቀሩት ሂት ፓምፕ ሆነ ማለት ነው። «ከውርጭ ምን ሙቀት ይገኛል?» ለሚል ሰው፣ በብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ውስጥ የሚዞረው አር-32 የተባለው ጋዝ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ለእርሱ የእኛ ውርጭ ምድጃ ነው።

ከአልዩ አምባ ገበያ ማሽላ ጭና ወደ አንኮበር የምትወጣን አህያ አስቡ። ነጋዴው ገብስ ያበላታል፤ ነገር ግን ገብሱ ማሽላ ሆነ ብሎ አያስብም። ኤሌክትሪኩ ገብሱ፣ ከደጅ የሚገባው ሙቀት ማሽላው ነው። ዳገቱ በበረታ ቁጥር ለዚያው ጭነት የሚፈለገው ገብስ ይበዛል፤ የእኛ ዳገት በደጁ አየርና ቤቱን ለማሞቅ በቧንቧ በሚዞረው ውኃ መካከል ያለው የዲግሪ ልዩነት ነው። ደጁ 7 ዲግሪ ሆኖ ውኃው 35 ሲፈለግ፣ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ አራት እጅ ሙቀት የሚሰጥ መሣሪያ፣ ደጁ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ውኃው 55 ሲፈለግ ወደ ሁለት እጅ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ 300 በመቶ፣ ማለትም ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ሙቀት፣ የሚለው ቁጥር የአህያዋ ጠባይ ሳይሆን የዚያ ቀን መንገድ ልክ ነው። ምሳሌው የሚሰበርበትም ቦታ አለ፦ አህያዋ የበላችው ገብስ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ኮምፕሬሰሩ የበላው ኤሌክትሪክ ግን አብዛኛው ሙቀት ሆኖ አብሮ ቤት ይገባል፤ ከሦስቱ እጅ አንዱ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። «ወጪን ለሦስት ይከፍላል» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ቀድሞ በኤሌክትሪክ ሂተር ለሚሞቅ ቤት ብቻ ነው። በጋዝ ለሚሞቅ ቤት ግን ጥያቄው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ዋጋ የጋዙን ስንት እጥፍ ነው የሚል ነው። ሁለት እጥፍ ከሆነ ሦስት እጅ የሚሰጠው መሣሪያ ያተርፋል፤ አራት እጥፍ ከሆነ ይከስራል። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት በ2022 እ.ኤ.አ. የጋዝ ዋጋ ሲንር፣ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንዳስታወቀው፣ የሂት ፓምፕ ሽያጭ በዓለም 11 በመቶ፣ በአውሮፓ ደግሞ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ አደገ። በ2023 የጋዝ ዋጋ ሲረግብና የባንክ ወለድ ሲወደድ የዓለም ሽያጭ 3 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሽያጭ ቀነሰ ማለት ደግሞ የተገጠመው ተነቀለ ማለት አይደለም፤ የዓመቱ አዲስ ገዢ አነሰ እንጂ። ከሕንፃዎቿ 60 በመቶ ያህሉ ሂት ፓምፕ ያላቸው ብርዳሟ ኖርዌይ ከፊት የቆመችውም፣ የውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ስላላትና ቤቶቿ ከድሮ ጀምሮ በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ይሞቁ ስለነበር ነው።

በእኛ ከተማ ብዙው ሰው ብርዱን የሚያልፈው በጋቢና በከሰል ማንደጃ ነው፤ ለሦስት የሚካፈል የማሞቂያ ሒሳብ የለውም። በቆርቆሮ ክዳን ሥር የገባ ሙቀትም አያድርም። አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠየቅ ልጨምር፦ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ የሂት ፓምፑ ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንኑ ያህል ያንሳል። ለባሕር ጠለል የተሠራውን የአምራች ሠንጠረዥ አምኜ የገጠምኩት የማቀዝቀዣ ክፍል፣ ኮንደንሰሩ፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚለቀው ፍርግርግ፣ ሙቀቱን ማውጣት አቅቶት ኮምፕሬሰሩ በየሰዓቱ እየጋለ ሲጠፋ አይቻለሁ። የተሻለ ፋን እስኪገባለት ድረስ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ሆኖም ተንታኙ ለሆቴሎች ቢናገር ኖሮ ባልተከራከርኩት ነበር። የሻወር ውኃቸውን በኤሌክትሪክ ቦይለር በሚያሞቁ ሆቴሎች ሂሳብ ላይ ሦስት እጁ በእርግጥ ይሠራል፤ በተለይ መሣሪያው ሌሊቱን ትቶ፣ ደጁ ወደ 20 ዲግሪ በሚጠጋበት ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ውኃውን አሙቆ በጥሩ ሁኔታ በተሸፈነ ታንከር እንዲያቆይ ሰዓት ቢገጠምለት።