ላንዛሮቴ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ስለ ደሴቷ የሚወራውና እውነታው

ላንዛሮቴ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ጉዞ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል። «ፀሐይና ባሕር ነው፤ ሌላ ምን አለ?» ብለውኝ ሳምንቱን በሙሉ ሆቴሉ ገንዳ ዳር አሳለፍኩት። የእሳት ተራሮቹን በአውቶቡስ መስኮት ለአርባ ደቂቃ አየኋቸው፤ የወይን ጉድጓዶቹን ጭራሽ አላየኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ለእረፍት ሊሄድ ሲያስብ ይደውልልኛል፤ የምሰማውም ያው እኔን ያሳሳተኝ ወሬ ነው። ለእያንዳንዱ ደዋይ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ስፔን ነው፤ ባርሴሎና አጠገብ ነው»

አይደለም። ላንዛሮቴ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ናት፤ የስፔን ግዛት ትሁን እንጂ ያለችው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከሞሮኮ ጠረፍ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው። ከዋናው የስፔን ምድር ግን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከማድሪድ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሰዓቷም ከማድሪድ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከለንደን ጋር እኩል ነው። ማድሪድ ላይ አውሮፕላን የምትቀይሩ ሰዎች ይህችን አንድ ሰዓት አትርሷት።

ከዚህ የሚብስ ስሕተት ደግሞ አለ፤ እሱም የስም ነው። ላ ፓልማ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ናት። ላስ ፓልማስ ግራን ካናሪያ በምትባለው ሌላ ደሴት ላይ ያለች ትልቅ ከተማ ናት። ፓልማ ደግሞ እዚያ ማዶ ሜዲትራንያን ላይ የማዮርካ ዋና ከተማ ናት። ትኬት ስትቆርጡ ሦስቱም ስም ተከታትሎ ይመጣላችኋል። ለላንዛሮቴ የምትፈልጉት አሬሲፌ ከተማ አጠገብ ያለውን፣ በሠዓሊው በሴሳር ማንሪኬ ስም የተሰየመውን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቴዴ የሚባለውን 3,715 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ማየት የፈለገ ሰው ግን ወደ ቴኔሪፌ ነው መሄድ ያለበት። የላንዛሮቴ ትልቁ ከፍታ 700 ሜትር እንኳ አይሞላም።

«እሳተ ገሞራ ያለበት ደሴት ነው፤ ልጅ ይዞ አይኬድም»

ይህ ስጋት በ2021 ከታየው የመጣ ነው። ያን ዓመት ከሴፕቴምበር 19 እስከ ዲሴምበር 13 ቅልጥ አለት መንደር ሲበላ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ያ ግን ላ ፓልማ ነው፤ ከላንዛሮቴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ላንዛሮቴ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በ1824 ነው።

ደሴቷን ዛሬ ያላትን መልክ ያስያዛት ከዚያ የቀደመው ፍንዳታ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1730፣ ከምሽቱ ሦስትና አራት ሰዓት መካከል፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በቲማንፋያ አጠገብ ምድር ተሰነጠቀች። ይህን መዝግቦ ያቆየልን የያይሳ መንደር ቄስ የነበረው አንድሬስ ሎሬንሶ ኩርቤሎ ነው። እሳቱ እስከ 1736 ድረስ፣ ስድስት ዓመት ያህል፣ እየተነሣ እየተኛ ዘለቀ። የደሴቷን ሩብ የሚያህል መሬት፣ ያውም ለምለሙን የእህል መሬት፣ ከነመንደሮቹ ቀበረው።

ሙቀቱ ታዲያ እስካሁን አልወጣም። ፓርኩ ውስጥ ኢስሎቴ ዴ ኢላሪዮ በሚባለው ቦታ የፓርኩ ሠራተኛ ከእግራችሁ ሥር አንድ እፍኝ ጠጠር ዝቆ መዳፋችሁ ላይ ያደርግላችኋል። ታፍሱታላችሁ እንጂ አትይዙትም፤ ያቃጥላል። ቀጥሎ ጉድጓድ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ይከታል፤ ክብሪት ሳይጫር ቦግ ብሎ ይነዳል። መሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ አንድ ባልዲ ውሃ ሲያፈስ ደግሞ ከአፍታ በኋላ እንፋሎቱ እየጮኸ ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። አሥራ ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ሲሉ ሙቀቱ 600 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያው ያለው ምግብ ቤት ሥጋና ዶሮ የሚጠብሰው በዚሁ የምድር ትኩሳት ነው። ይህ አደጋ አይደለም፤ ቦታው ክትትል የሚደረግበት ነው፤ ልጆችም እኮ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህንኑ ነው።

«ፓርኩ ውስጥ እንደ ልብ መንሸራሸር ይቻላል»

አይቻልም። ቲማንፋያ ከ1974 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ውስጡን የምታዩት በፓርኩ አውቶቡስ ነው፤ ከአውቶቡሱም አያስወርዱም። በእሳት ተራሮቹ መካከል በእግር መሄድ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ተመዝግቦ ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር ነው። ድንጋይ ለመታሰቢያ ብሎ ማንሣትም ክልክል ነው።

እሳተ ገሞራን በገዛ እግሬ ልውጣው ለሚል ሰው እኔ የምመክረው ካልዴራ ብላንካን ነው። ከፓርኩ ድንበር ውጪ ስለሆነ በራስ ጊዜ ይወጣል። ማንቻ ብላንካ ከምትባለው መንደር ተነሥቶ በሻካራው ጥቁር አለት መካከል ይኬድና ቀስ በቀስ ወደ አፋፉ ይደረሳል። አፋፉ ላይ ስትቆሙ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ገደል ከሥራችሁ ተከፍቶ ታያላችሁ። ደርሶ መልስ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል፤ አንዲት የጥላ ዛፍ የለበትም። ሶላችሁ ወፍራም ይሁን፤ አለቱ ጫማ ይበላል። ውሃ በብዛት ያዙ፤ በጠዋት ውጡ።

መኪና ከሌላችሁ ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ አስቡበት። ጓጓ የሚሏቸው የሕዝብ አውቶቡሶች ከተሞቹን ጥሩ አድርገው ያገናኛሉ፤ ወደ እሳት ተራሮቹ ግን አይወጡም። ወይ መኪና መከራየት፣ ወይ ከአስጎብኚ ጋር መሄድ ነው።

«አመድ ላይ ምን ይበቅላል?»

ስለ ላንዛሮቴ ከተነሣ እኔ ማውራት የማልሰለቸው ይህን ነው። ደሴቷ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚያ በላይ ይዘንብባታል። ወንዝ የላትም። የምትጠጣው ከ1960ዎቹ ጀምሮ የባሕር ውሃ ጨው ወጥቶለት ነው። እንዲህ ያለ ምድር ላይ ወይን ይለማል ቢሏችሁ ማን ያምናል?

ከ1730ው እሳት በኋላ የተረፉት ገበሬዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ፒኮን የሚሉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ጠጠር የሌሊቱን እርጥበት ይይዛል፤ ቀን ደግሞ ፀሐይ ከሥሩ ያለውን አፈር እንዳታደርቀው ይከላከላል። ስለዚህ ጠጠሩን እየቆፈሩ፣ አንዳንዱን እስከ ሦስት ሜትር እያጎደጎዱ፣ ተቀብሮ የቀረውን የጥንቱን አፈር ፈልገው አገኙት። በየጉድጓዱ አንድ ወይም ሁለት ግንድ ወይን ተከሉ። ነፋሱ እንዳይሰብረው በአንድ ወገን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ ደርድረው የግማሽ ጨረቃ ካብ ሠሩለት። ላ ኸሪያ በሚባለው ሸለቆ ዛሬም የሚታየው ይኸው ነው፤ ጥቁር ኮረብታ ላይ እልፍ ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አንዲት አረንጓዴ። ማሽን ስለማይገባበት የሚለቀመው በእጅ ነው። ማልቫሲያ ከሚባለው ዘር የሚጠመቀውን ነጭ ወይን እዚያው መጥመቂያዎቹ በር ላይ ያስቀምሷችኋል።

ከካቡ ጀርባ ጎንበስ ብዬ እጄን ጠጠሩ ውስጥ አስገብቼው ነበር። ላዩ ትኩስ ነው። አንድ ስንዝር ዝቅ ሲል ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ለገበሬ ልጅ ይህን የመሰለ ነገር የለም። ከሳምንቱ ጉዟችሁ ግማሽ ቀን ለላ ኸሪያ ስጡት፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲረዝም ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

«ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው፤ መቼም ብትሄድ አንድ ነው»

ፀሐዩ እውነት ነው። በጃንዋሪ ቀትር ላይ ሃያ አንድ ዲግሪ ገደማ፣ በኦገስት ሃያ ዘጠኝ ገደማ ይሆናል። የተረሳው ነፋሱ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ በጁንና በኦገስት መካከል ይበረታል። ነፋሱ ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐዩ የሚፋጅ አይመስልም፤ ማታ ላይ ትከሻ ተልጦ ይገኛል። የእኛ ቆዳ አይቃጠልም ብሎ ክሬም የሚተው ሰው ስሕተተኛ ነው። እኔም ብዬ ነበር፤ ሁለት ሌሊት በጀርባዬ መተኛት አልቻልኩም።

አልፎ አልፎ ካሊማ ይመጣል፤ ከሰሐራ የሚነሣ ትኩስ አቧራ ነው። ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ያልፋል። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሳይዝ እንዳይሄድ።

ባሕሩም እንደሚታሰበው ሞቃት አይደለም። ማርች ላይ 18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሚሞቀው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ሲሆን ያኔም 23 ቢደርስ ነው። ለመዋኘት ብቻ የሚሄድ ሰው እነዚህን ሁለት ወራት ይምረጥ። ሰፈር ስትመርጡም ደቡቡን፣ ፕላያ ብላንካን ወይም ፑዌርቶ ዴል ካርመንን አስቡ፤ ከነፋሱ ይሻላሉ። ሰሜን ያለው የፋማራ ባሕር ዳር እጅግ ያማረ ነው፤ ማዕበሉና የውሃው ስበት ግን ለዋና አደገኛ ነው። ፋማራ ለማየትና ለመራመድ ይሁንላችሁ፤ ለዋና ፓፓጋዮ አለ። አሸዋ ሁሉ ጥቁር ነው የሚለውም ወሬ ፓፓጋዮ ሲደርሱ ያበቃል፤ ወርቃማ ነው።

ሌላው ግምት «በብርዱ ወራት ሰው ስለሌለ ርካሽ ነው» የሚለው ነው። ተቃራኒው ነው። ሰሜን አውሮፓ ሲበርድ ሁሉም ወደ ካናሪ ነው የሚሮጠው፤ የገና ሰሞንና ፌብሩዋሪ ዋጋው ይንራል። የሚረክሰው ሜይ፣ የጁን መጀመሪያና ከገና በፊት ያሉት የኖቬምበር ሳምንታት ናቸው።

«የጾም ምግብ አይገኝም»

እኅቴን በዐቢይ ጾም ነው ይዣት የሄድኩት፤ ሻንጣዋን በሽሮና በቆሎ ሞልታ ነበር የመጣችው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሻንጣውን ረሳችው። የደሴቷ ሰው ትንንሽ ድንች ከነልጣጩ ብዙ ጨው ባለበት ውሃ ይቀቅላል፤ ውሃው ሲደርቅ ልጣጩ ተጨማድዶ ጨው ይለብሳል። የሚበላው በሞኾ ነው። ቀዩ ሞኾ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከከሙን፣ ከዘይትና ከኮምጣጤ ይሠራል፤ እኅቴ ቀምሳ «አዋዜ ነው እኮ ይሄ!» አለች። አንዳንድ ቤት አይብ የሚጨምርበት ስላለ መጠየቅ አይከፋም።

ከሁሉ ያስገረመን ጎፊዮ ነው። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት የደሴቶቹ ሰዎች ገብስ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ዱቄቱን ይበሉት ነበር። ዛሬም በስንዴና በበቆሎም ይሠራል፤ በየሱቁ በኪሎ ይሸጣል። ከረጢቱን ስትከፍቱት የሚመጣው ሽታ የበሶ ሽታ ነው። በውሃና በጨው፣ አንዳንዴም በማር ለውሰው ጠቅልለው ይበሉታል። እኛም ማደሪያችን ውስጥ በዘይትና በበርበሬ ለወስነው። ምግብ ቤት ውስጥ የሚቀርበው ጎፊዮ ግን ብዙ ጊዜ በዓሣ መረቅ ስለሚገነፋ ጾመኛ ይጠይቅ።

«ካናሪ ልዩ ግዛት ስለሆነ ሸንገን አይመለከተውም»

ልዩ የሆኑት በግብር ነው። ሽቶና ሲጋራ የሚረክሰው ለዚህ ነው፤ ስትመለሱም ከቀረጥ ነጻ የሚያልፈው መጠን የተወሰነ ነው፤ ከ200 ሲጋራ በላይ አትያዙ። በቪዛ ግን ሙሉ በሙሉ ሸንገን በሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ክልል ውስጥ ናቸው። ጀርመን፣ ጣልያን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ ይሄዳል። እንግሊዝ የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃዱ ስፔን አያስገባውም፤ ቪዛ ማውጣት አለበት። ከለንደን በየቀኑ አውሮፕላን ስላለ ብቻ ትኬት ቆርጦ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተመለሰ ወዳጅ አለኝ፤ ገንዘቡም አልተመለሰለትም። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ጀምሮ ይገባል፤ ከአሥራ አምስት ቀን በታች ሲቀር ግን አይሆንም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድንም ይጠየቃል።

«ሁሉም ሆቴልና ኮንክሪት ነው»

ሌሎች የስፔን ባሕር ዳሮችን ላየ ሰው ስጋቱ ተገቢ ነው። ላንዛሮቴ ከዚያ የተረፈችው በአብዛኛው በሴሳር ማንሪኬ ትግል ነው። እዚያው የተወለደ ሠዓሊና ቀራጺ ነው፤ በ1992 በመኪና አደጋ እስኪሞት ድረስ ቤቱ ሁሉ ነጭና ዝቅ ያለ እንዲሆን፣ መንገድ ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳ እንዳይቆም ሲሟገት ኖሯል። ደሴቷን ስትዞሩ በሩና መስኮቱ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ነጭ ቤት በቀር ብዙ አታዩም።

ከሥራዎቹ አንዱን ብቻ ማየት የምትችሉ ከሆነ ሃሜኦስ ዴል አጉዋ ይሁን። ቅልጥ አለት እንደ ወንዝ ሲፈስ የተወው ዋሻ ነው፤ ጣራው የተደረመሰበት ቦታ ላይ ብርሃን ይገባል፤ ውስጡ ጸጥ ያለ ኩሬ አለ። በዓለቱ ሰርጎ የገባ የባሕር ውሃ ነው፤ ከባሕሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ጎንበስ ብላችሁ ጥቁሩን ወለል አተኩራችሁ ስታዩ ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያችኋል። ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ከጥፍር የማይበልጡ ዕውር ሸርጣኖች ናቸው፤ ጨለማ ውስጥ ስለኖሩ ቀለምም ዓይንም የላቸውም። ብረት ውሃው ውስጥ ሲዝግ ይገድላቸዋል። አንዳንዱ ጎብኚ ለምኞቱ ሳንቲም ይወረውራል፤ ልጆቻችሁ ሳንቲም ከኪሳቸው ሲያወጡ ካያችሁ እጃቸውን ያዙ።