ባክአፕን በቀጥታ ወደ ሩቅ ሰርቨር ማፍሰስ

100 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ሰርቨር አለ እንበል። 80 ጊጋባይቱ ተይዟል። የዳታቤዙ ባክአፕ ደግሞ 30 ጊጋባይት ይሆናል። የት ይቀመጥ? እዚያው ዲስክ ላይ ልጻፈው ያለ ሰው ዲስኩን ይሞላና ዳታቤዙን ራሱን ያቆመዋል። ባክአፕ አደርጋለሁ ብሎ ሲስተም መጣል ይሉታል ይሄ ነው። የለመዱ አድሚኖች እንዲህ ሲሆን ባክአፑን ማሽኑ ላይ ጭራሽ ፋይል አያደርጉትም። ፕሮግራሙ የሚያወጣው ዳታ እግር በእግር በኔትወርክ ይፈሳል። ፋይል የሚሆነው ሌላው ሰርቨር ጋ ሲደርስ ነው።

ዘዴው የቆመው ዩኒክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፓይፕ ላይ ነው። የአሜሪካው የምርምር ተቋም የቤል ላብስ ባልደረባ ዳግላስ ማክኢልሮይ ፕሮግራሞችን እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እየቀጣጠሉ መጠቀም ይገባል ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። ኬን ቶምፕሰን ሐሳቡን ዩኒክስ ውስጥ ያስገባው በ1973 ነው። ዛሬ ኪቦርድ ላይ ያለችው «|» ያንን ሥራ ትሠራለች፤ የግራው ፕሮግራም ያወጣውን ለቀኙ ታቀብላለች።

ብዙ ፋይሎችን ወደ አንድ የሚጠቀልለው ፕሮግራም ታር የመጣው በ1979፣ ከሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ጋር ነው። የተሠራው ለቴፕ ነበር። ቴፕ ደግሞ ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ታር የፋይሉን ስምና መጠን በ512 ባይት ራስጌ ይጽፋል፣ ይዘቱን ያስከትላል፣ ወደሚቀጥለው ፋይል ያልፋል። ተመልሶ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ለኔትወርክ የተመቸውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ዚፕ ማውጫውን ፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር እየመጣ እያለ ልፍታው ለሚል ተቀባይ አይመችም። ባክአፕን በኔትወርክ ማፍሰስን የክላውድ ዘመን ፈጠራ የሚያደርግ ካለ ደግሞ ተሳስቷል፤ በ1983 የወጣው የዩኒክስ ዝርያ ቢኤስዲ 4.2 ባክአፕን ሌላ ማሽን ላይ ወዳለ ቴፕ የሚልክ ፕሮግራም ነበረው። ችግሩ ያኔ ዳታው ሳይመሰጠር በግልጽ ይጓዝ ነበር። ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስዎርድ ከተሰረቀ በኋላ በ1995 በሁለት ማሽኖች መካከል የሚያልፈውን የሚመሰጥረውን ኤስኤስኤችን ጻፈ። የባክአፕ ሰዎችም ወደዚያው ዞሩ።

በተግባር አንድ መስመር ትእዛዝ ናት፣ ሦስት ፕሮግራም ያላት። ማይኤስኪውኤልዳምፕ ዳታቤዙን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል፣ ጂዚፕ ይጨምቀዋል፣ ኤስኤስኤች ተሸክሞ ይወስደዋል። ማዶ ያለው ማሽን የሚመጣለትን ተቀብሎ ፋይል ላይ ይጽፋል። በቃ። ላኪው ዲስክ ላይ አንድ ባይት አይጻፍም። ማዶ ያለውን ሰርቨር የማያምን ሰው ከጂዚፕ ቀጥሎ መመስጠሪያውን ጂፒጂን ያስገባና ዳታው ከቤት ሳይወጣ ይቆለፋል።

ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ቀርፋፋው ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ ፓይፕ በተለምዶ የሚይዘው 64 ኪሎባይት ነው። ያ ከሞላ ላኪው ቆሞ ይጠብቃል። ሜሞሪ አይጨናነቅም፣ ይሄ ደስ ይላል። ግን ዋጋ አለው። የተጨመቀው ባክአፕ 20 ጊጋባይት ሆኖ አፕሎዱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ መላኩ 11 ሰዓት ይፈጃል። ባክአፑ በአንድ ትራንዛክሽን (እንደ አንድ በሚቆጠር ሥራ) የሚወሰድ ከሆነ ዳታቤዙ ያን ሁሉ ሰዓት እሱን ከፍቶ ይቆያል፤ በመሃል የተቀየሩ መዝገቦችን አሮጌ ቅጂም መጣል አይችልም። ቀን ላይ ሥራ የሚበዛበት ሰርቨር ከሆነ ይሄ ይሰማል። እንዲህ ያለ ኮኔክሽን ላይ ላለ ሰው፣ ዲስክ ከተገኘ፣ መጀመሪያ ፋይል አድርጎ ኋላ መላክ ይሻላል ባይ ነኝ።

መቀበያው የቆየው የፋይል መላኪያ ኤፍቲፒ ብቻ የሆነባቸው ቦታዎች ዛሬም አሉ። እዚያ ከርል የሚባለው ፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም ይሠራል። በፋይል ስም ፋንታ ሰረዝ ከተሰጠው ከፓይፕ የመጣለትን ያነባል። ኤፍቲፒ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። በተለመደው አሠራሩ ፋይሉ ማለቁ የሚታወቀው ኮኔክሽኑ ሲዘጋ ነው። ላኪው መንገድ ላይ ቢሞት ተቀባዩ «አለቀ» ብሎ ግማሹን ፋይል በሙሉ ስሙ ያስቀምጠዋል። የአማዞን የክላውድ ማከማቻ የኤስ3 ነገር ይለያል፤ መጠኑ አስቀድሞ ያልታወቀ ዳታ ተቆራርጦ ይላካል። ቁራጮቹ ከ10,000 መብለጥ የለባቸውም። እያንዳንዱ 5 ሜጋባይት ከሆነ 50 ጊጋባይት አካባቢ ላይ ጣሪያ ይነካል። ስለዚህ ትልቅ ባክአፕ የሚልክ ሰው የመጠኑን ግምት ለላኪው ፕሮግራም ቀድሞ ይናገራል።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያሠራው ሼል የአንድን ፓይፕ ውጤት የሚለካው በመጨረሻው ፕሮግራም ነው። ማይኤስኪውኤልዳምፕ ፓስዎርዱ ተቀይሮበት ገና በሩ ላይ ቢመለስ ጂዚፕ ምንም አይመስለውም። የመጣለትን ባዶ ነገር በሥርዓት ይጨምቃል። ኤስኤስኤች ያደርሳል። የጠቅላላው ውጤት «ተሳክቷል» ይሆናል። ማዶ ላይ የሚገኘው ፋይል 20 ባይት ነው። ባዶ ነገር በጂዚፕ ሲጨመቅ ይህን ያህል ነው። በየሌሊቱ አንድ 20 ባይት ፋይል፣ ቀኑ በትክክል ስሙ ላይ ተጽፎ። ባሽ በሚባለው ሼል ላይ «ፓይፕፌል» የሚባለውን ማብራት ይህን ይይዛል፤ ከመሃል አንዱ ከወደቀ ሁሉም እንደወደቀ ይቆጠራል። ሳያበሩት ባክአፕ ማፍሰስ ድፍረት ነው።

ዝም ብሎ የሚወድቅ ባክአፕ የሚያመጣውን የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ የሆነው ጊትላብ በ2017 ለዓለም አሳይቷል። ጃንዋሪ 31 አንድ ኢንጂነር የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ዳታ ሰረዘ። ወደ ባክአፑ ሲዞሩ የኤስ3 ማከማቻው ባዶ ነበር። ባክአፕ አውጪው ፕሮግራም ፒጂዳምፕ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ዕትም 9.2፣ ዳታቤዙ ራሱ ግን 9.6 ስለነበር በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። ማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም በተቀባዩ በኩል ውድቅ ተደርገው ማንም አላያቸውም። ያዳናቸው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው።

ስለዚህ ጥንቁቅ አድሚን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይልካል፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ስሙን ይቀይራል። ስሙ ያልተቀየረ ፋይል ግማሽ ነው ማለት ነው። ማይኤስኪውኤልዳምፕ ሲጨርስ ዳምፑ መጠናቀቁን የሚገልጽ መስመር ጽፎ ይወጣል፤ ያ መስመር ከሌለ ተቆርጧል። ቲ በሚባለው ፕሮግራም ዳታውን ሁለት ቅጂ አድርጎ አንዱን የዳታውን መለያ ቁጥር ወደሚያሰላው ሻ256 መምራትም ይቻላል። ፋይሉ ላኪው ጋ ስለማይቀር የኋላ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ይህ ቁጥር ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አልፎ አልፎ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሶ መጫን ነው። ብዙዎች የሚዘሉትም ይሄንኑ ነው።

የኤስኤስኤች መግቢያ ቁልፍ ነገርም አለ። ባክአፕ የሚልከው ሰርቨር መቀበያው ላይ እንደልቡ መግባት ከቻለ የሰበረው ሃከርም ይችላል። ባክአፑንም አብሮ ያጠፋል። ኤስኤስኤች ላይ አንድ ቁልፍ አንዲት ትእዛዝ ብቻ እንዲያሠራ መገደብ ይቻላል። ወይም አቅጣጫው ይገለበጣል፤ መቀበያው ራሱ መጥቶ ይስባል።

የተቆረጠ ፍሰት ደግሞ ከመሃል አይቀጠልም። በ10ኛው ሰዓት መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ተረት አይደለም። ዲስክ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጀው የፋይል ሲስተም ዜድኤፍኤስ ቅጽበታዊ ቅጂውን ሲልክ ከተቆረጠበት መቀጠል ይችላል፤ ግን ሁለቱም ወገን ዜድኤፍኤስ ሊኖረው ይገባል። ሬስቲክና ቦርግ የሚባሉት የባክአፕ ፕሮግራሞች ሌላ መንገድ ይዘዋል። ከፓይፕ የሚመጣላቸውን በጥሰው ይቆራርጡና ማዶ የሌለውን ቁራጭ ብቻ ይልካሉ። ትናንት የሄደ ዛሬ አይደገምም። ጂዚፕ ከፊታቸው ከገባ ግን ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ ዳታው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሲቀየር የተጨመቀው ከዚያ ወዲያ ሌላ መልክ ይይዛል። ሬስቲክ የሚጠቀም ሰው ጂዚፕን ከመስመሩ ያወጣዋል።